«እዚህ ነበርኩ» ማለት ምስክርነት ነው፦ የሐረር የጉዞ ማስታወሻ



ሰው ወደ ሐረር የሚሄደው ለብዙ ነገር ነው። ገሚሱ ለዚያራ፣ ገሚሱ ለንግድ፣ ገሚሱም ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ለማየት። እኔና የእህቴ ልጅ ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት ወደዚያ ያቀናነው ግን ታሪኳን በእግራችን እየዞርን ለማየት ነበር። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ስልክ ከእጁ አይለይም። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ ያደግኩ፣ ዛሬ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝና ካርታ እወዳለሁ። በዚህ የተነሳ በጉዟችን ሁለት ካርታ ነበረን፤ የእሱ በስልኩ፣ የእኔ በወረቀት።

እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያም ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በሚኒባስ ተጉዘን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ገባን።

የጁገል በሮች

ጁገል የሚባለው የሐረር ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የታነጸ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በዚያው መዝገብ እንደተገለጸው በዚህች ከተማ ውስጥ 82 መስጂዶች አሉ። የቀድሞዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ በከተማው ተወላጆች ቋንቋ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ይባላሉ። ሌላው ሰው ደግሞ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር እያለ ይጠራቸዋል። በመኪና የሚገባበት ሰፊው በር ኋላ የተጨመረ ነው።

እነዚህ በሮች ለጌጥ የተሠሩ አልነበሩም። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ቅፍለት የሚገባባቸው የንግድ በሮች ነበሩ። ሐረር በዚያን ዘመን የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ የነበረች የነጋዴ ከተማ ናት። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የማን ቡና ንጹሕ እንደሆነ፣ የማን ሚዛን የማይዋሽ እንደሆነ የሚያውቀው ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሰዎች አንደበት ነው። «እዚያ ነበርኩ፤ ደህና ሰው ነው» የሚል ቃል የአንድን ነጋዴ ቤት ይሠራል፤ ያፈርሳልም።

የእህቴን ልጅ «ሎኬሽን» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ዘንድ ጠየቅኩት። «አጎቴ፣ የገባህበትን ሱቅ ወይም ምግብ ቤት በስልክህ ታሳያለህ፤ ጓደኞችህ ያዩታል፤ ኮከብ ትሰጣለህ፤ ሌላው ሰው ያንን አይቶ ይመጣል» አለኝ። እኔም በልቤ «ይህማ የድሮው ነጋዴ ቃል ነው፤ ስልክ ላይ ወጣ እንጂ!» አልኩ።

ይህ አሠራር በዓለም ዙሪያ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ፎርስኩዌር የተባለው ፕሮግራም ሲወጣ ነው። ሰው የገባበትን ቤት «ቼክ-ኢን» እያለ ይመዘግባል፤ አንዱን ቤት አዘውትሮ የመዘገበ የዚያ ቤት «ከንቲባ» ይባላል፤ ባለሱቆችም ለከንቲባው ነጻ ቡና ወይም ቅናሽ መስጠት ጀመሩ። ፌስቡክ በ2010 ተከተለ። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው ወደ ጎግል ካርታ፣ ወደ ፌስቡክ፣ ወደ ቲክቶክና ቴሌግራም ዞሯል። ለእኛ አገር ጥቅሙ ግልጽ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተጠቅሞ ቤት የሚያገኝ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው፤ «ከመስጂዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» እየተባለ ነው የሚኬደው። በስልክ የተላከች አንዲት ነጥብ ይህን ሁሉ ልታሳጥር ትችላለች።

ነጥቧ ስትስት

ትችላለች አልኩ እንጂ ሁልጊዜ ታሳጥራለች አላልኩም። በማግስቱ ጠዋት ልጁ በስልኩ ብዙ ኮከብ የተሰጠው የፋጢራ ቤት አግኝቶ ይዞኝ ወጣ። በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ሽቅብ ቁልቁል ብለን ነጥቧ የቆመችበት ስንደርስ ያገኘነው የሰው መኖሪያ ግንብ ነው። ከውሃ የምትመለስ አንዲት ሕፃን ሳቀችብን። «ሁሉም እዚህ ነው የሚመጣው» አለችና ከግንቡ ወዲያ ወዳለው መተላለፊያ መራችን።

ይህን ለማስረዳት የጂኦግራፊ መምህር መሆን ጠቀመኝ። ስልካችን የቆምንበትን የሚያውቀው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ቆጥሮ ነው። ሜዳ ላይ ስሕተቱ አምስት ሜትር ያህል ነው። በረጃጅም ግንቦች መካከል ግን ምልክቱ እየተላተመ ስለሚደርስ ስሕተቱ ይጨምራል። ጁገል ውስጥ ደግሞ ጥቂት ሜትር ማለት ከግንቡ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። ስለዚህ ነጥብ የሚያስቀምጥ ሰው ስልኩ ያለውን ብቻ አምኖ መተው የለበትም፤ በካርታው ላይ በጣቱ ማስተካከልና የበሩን ፎቶ ማኖር ይገባዋል።

የልብስ ሰፊው ጥያቄ

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ የወጣለት በግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ጨርቁን ከፊት ካለው ሱቅ ገዝቶ ለሰፊው ይሰጡታል፤ እርሱም እዚያው ያደርሰዋል። የልጁ የቦርሳ ማንገቻ ተበጥሶ ነበርና አንዱ ሰፊ ዘንድ ተቀመጥን። ሰውዬው ተጫዋች ነው። ማንገቻውን እየሰፋ ልጁ ስልኩን ሲነካካ አየና፦

«ወንድሜ፣ እኔንም ካርታው ላይ አውጣኝ። አምስት ኮከብ ስጠኝና ሒሳቡን ተወው» አለው።

ልጁ ደስ ብሎት ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት። ሰፊው ቅር አለው። «ኡስታዝ፣ ምን ክፋት አለው? የሁላችንም ሪዝቅ ነው» አለኝ። ምክንያቴን ልነግረው ግድ ሆነብኝ። ለእናንተም አልደብቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ከተማ ጫማ ስገዛ ሻጩ «መገኛችንን ለጥፈው አምስት ኮከብ ከሰጡን እንቀንስልዎታለን» አለኝ። ጫማው ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ቅናሹን አሰብኩና «ጠንካራ ዕቃ፣ ታማኝ ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። ለዒድ ሲቃረብ በቀን ሥራ የሚተዳደር የአንድ ተማሪዬ አባት ከዚያው ሱቅ ለሁለት ልጆቹ ጫማ ገዛ። የአንደኛው ሶል የዒዱ ዕለት፣ ልጁ ገና ዘመድ ጠይቆ ሳይጨርስ ተላቀቀ። አባትየው አልወቀሰኝም። ትምህርት ቤት መጥቶ ስንገናኝ «ኡስታዝ፣ እርስዎ የጻፉትን አይተን ነበር» ብቻ አለኝ። ከብር ይልቅ ያቺ ቃል ከበደችኝ። የልጆቹን ጫማ ተክቼ፣ የጻፍኩትን አጠፋሁ። ስንት ሌላ ሰው አይቶት እንደነበር ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

በመድረሳ የተማርኩት ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነጅሽን ከልክለዋል። ነጅሽ ማለት መግዛት ሳይፈልግ፣ ሌላውን ለማሳሳት ብቻ የዕቃን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ሰው ሥራ ነው። ሳይቀምሱ «ጣፋጭ»፣ ሳይጫሙ «ጠንካራ» ብሎ መጻፍ ከዚህ በምን ይለያል? በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበት፣ ነጋዴውንም እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለሰው እንዲያሳይ የገሠጹበት ታሪክም የታወቀ ነው። የዛሬው ክምር ስልካችን ላይ ነው፤ ኮከቡ ከላይ፣ እርጥቡ ከሥር።

ይህ የእኛ የዲን ጉዳይ ብቻም አይደለም። ጎግል ራሱ በገንዘብ ወይም በቅናሽ የተገዛ አስተያየትን በደንቡ ይከለክላል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 የጸና ደንብ የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን፣ «በጎ ከጻፍክ እከፍልሃለሁ» ማለትንም አግዷል።

ሰፊው መኪናውን አቁሞ አዳመጠኝ። «እንግዲያው ክፈሉኝ» አለና ሳቀ። ከፈልነው። «ማንገቻው ከቆየ ያኔ ጻፉ» አለ።

የእናታችን በር

ከዚያ በኋላ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደን። እኒህ እናት በዕድሜ የገፉ ቢሆኑም ከአክርማና ከስንደዶ ሙዳይና ሰፌድ ይሰፋሉ። በሐረር ቤት ውስጥ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሚያስጌጠው ይህ የእጅ ሥራ ነው። አንዱን ሙዳይ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል። ገዢ የሚመጣላቸው ግን በአስጎብኚ እየተመራ ነው፤ አስጎብኚውም ድርሻውን ያነሳል። ልጁ ወዲያው ተነሳሳ።

«እናቴ፣ ቤትዎን ካርታ ላይ ላውጣልዎት? ከዓለም ዙሪያ ሰው ያየዋል!»

እናታችን መርፌያቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ቤቴን ያየ ሁሉ በሬን ያንኳኳል? በሌሊትም? ሰላት ላይ ሳለሁም? የልጅ ልጆቼ ሴቶች ናቸው» አሉ።

ልጁ መልስ አጣ። እኔም አጣሁ። በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ እንዳይገባ የታዘዝን ሕዝቦች ሆነን፣ የሰውን ደጃፍ ለማናውቀው ዓለም በአንድ ጣት ልንከፍት ነበር። ለመርዳት ብለን ነበር፤ ግን አላስፈቀድንም።

ተመካከርንና መላ ተገኘ። ነጥቧ በእናታችን ቤት ሳይሆን በመኪና ግርግር፣ በእህታቸው ልጅ በልብስ ሰፊው ሱቅ ላይ ተደረገች። ሁለት ሙዳይና አንድ ሰፌድ እዚያ ይሰቀላሉ። የሚከፈትበት ሰዓት ተጻፈ፤ ጁምዓ ለሰላት እንደሚዘጋም ተመለከተ። ፎቶው የእናታችን ፊት ሳይሆን እጃቸውና ስፌታቸው ነው፤ እሱንም አይተው ፈቅደዋል። ዋጋው በግልጽ ሰፈረ። የሱቁ ባለቤትነት በሰፊው ስልክ እንዲረጋገጥም ልጁ አሳየው፤ ሌላ ሰው ስሙን ይዞ እንዳይነግድበት።

ከተመለስን በኋላ

ቤታችን ከገባን አንድ ወር አለፈ። ማንገቻው እንደጸና ነው። ልጁ አራት ኮከብ ሰጠና እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሥራው ጠንካራ ነው። አሥር ደቂቃ ብሎን አንድ ሰዓት ቆየን።» ሰፊው በቴሌግራም ደወለ። «አንዷን ኮከብ የት ጣላችኋት?» አለና ጥቂት ከተሳሳቅን በኋላ ወሬውን ነገረን። አንድ ከድሬዳዋ የመጣ ሰው «የሚቆይ ግን የሚጠነክር ተብሎ የተጻፈለት አንተ ነህ?» ብሎ ሦስት ሱሪ አሰፍቶ ሄዷል። አምስት ኮከብ ብቻ ያለበትን እንደማያምን ነግሮታል። የእናታችንም ሁለት ሙዳይ ተሸጧል፤ ያለ ደላላ። ብዙ አይደለም። ግን በሐቅ የመጣ ነው፤ በረካውም በዚያው ነው።

ውድ ወጣቶች! በየሰፈራችሁ ዳቦ ጋጋሪ፣ ጫማ ሰፊ፣ ቅመም ሻጭ አሉ። እናንተ በስልካችሁ የምታውቁትን እነርሱ አያውቁምና ካርታ ላይ አውጧቸው። ነገር ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ መኖሪያ ቤትን ከመለጠፍ ተቆጠቡ። የቀመሳችሁትንና የለበሳችሁትን ብቻ መስክሩ፤ ጉድለት ካለ መጀመሪያ ለባለቤቱ በጆሮው ንገሩት፣ ከጻፋችሁም በጨዋ ቃል ይሁን። የራሳችሁንም መገኛ ገና እዚያው ሳላችሁ አትለጥፉ፤ ከወጣችሁ በኋላ ይድረስ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆላንድ ወጣቶች «እዚህ ነኝ» የሚሉ መልእክቶችን ሰብስበው፣ ይህ ማለት «ቤቴ ባዶ ነው» ማለት እንደሆነ ለዓለም አሳይተው ነበር። በተለይ እህቶቻችን ይህን ያስቡበት።

ወላጆችም ልጁ ስልክ ላይ ዋለ ብላችሁ ብቻ አትቆጡ። ምን እንደሚመሰክር ጠይቁት። የማያውቀን መንገደኛ የእኛን ቃል ይዞ ይጓዛልና ቃላችን አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ምስክርነታችንን እውነት ያድርግልን። አሚን!