ሌላስ ምን ተለወጠ?

ሞተር የተቀየረላት መኪና ከበፊቱ ብትብስ መጀመሪያ የሚወቀሰው አዲስ የገባው ሞተር ነው። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። አባቴ እዚህ ሜሪላንድ ሰው እያመላለሰ የሚሠራባት መኪና ሞተሯ ሲሞት፣ ያገለገለ ሞተር በ1,800 ዶላር ገዝቶ አስገጠመ። በሦስተኛው ቀን ሚኒሞ አልይዝ አለች። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። የቼክ ኢንጂን መብራትም በራ። መካኒኩ "ሞተሩ ራሱ አይረባም፣ ሌላ ፈልግ" አለው። ለእኛ ያ ማለት የቤት ኪራይና የእኔ የሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ነበር።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ ስለ ሞተር ብዙም አላውቅም። ግን ያኔ ክፍል ውስጥ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ እየተማርን ነበር። ልብ ሲተከል ምቱን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱ ልብ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ እንኳ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ጊዜ ሊመታ ይችላል። ልቡ አልታመመም፣ የተቋረጠው ግንኙነቱ ነው። ይህን ለአባዬ ሳስረዳው ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው ሞተሩን ትተን ሲገጠም የተነካካውን ሁሉ እንይ" አለ።

ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ መኪኖች በርካሽ መሣሪያ የሚነበብ ኮድ አላቸው። የእኛ ፒ0171 አለ፦ አየሩ በዝቷል፣ ነዳጁ አንሷል። የአባቴ ጓደኛ ወዲያው "የኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይሩት" አለ። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ኦክስጅን 84 ቢያሳይ ግን እኛ መጀመሪያ የምናየው በሽተኛውን ነው። ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው።

ቁጥሮቹን አየን። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ኮምፒውተሩ 25 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል፤ ነዳጅ ረግጠን በደቂቃ 2,500 ዙር ስናደርሳት ወደ 6 ይወርዳል። የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ጭነት ሲበዛባት ይብስ ነበር። ቆማ ስትሠራ የሚብሰው ሳይቆጠር አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሲኖር ነው፤ ሞተሩ ትንሽ አየር ሲስብ ያቺ ቀዳዳ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች።

ቀዳዳው የት ነው? በሽተኛ እንደምንጠይቅ አባዬን ጠየቅሁት። መቼ ጀመራት? መቼ ይብስባታል? ሌላስ ምን ተለወጠ?

"ምንም። ፍሬኗ ትንሽ ደንደን ብሏል እንጂ። እሱ ደግሞ ከሞተሩ ጋር ምን አገናኘው?"

በጣም ይገናኛል። ፍሬን ስንረግጥ የሚያግዘን ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ በሚመጣ ወፍራም ቱቦ ነው። አሮጌውን ቱቦ ፈተው መልሰው ሲገጥሙት ጫፉ ከታች በኩል ተሰንጥቆ ነበር። አዲሱ 14 ዶላር ፈጀ። ሚኒሞዋ ተረጋጋ፣ ፍሬኗም ለሰለሰ። አባቴ በዚያ ፍሬን ስንት ሰው እንዳመላለሰ ሳስብ ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን ሐኪም ቤት ለወላጆቻችን ስለምናስተረጉም ነው። እናቴ "ራሴን ያመኛል" ብላ ትጀምራለች። የደም ግፊት መድኃኒቷን ካቋረጠች ሁለት ሳምንት እንደሆናት ግን አትናገርም፤ ለእሷ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ያለው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ የእሷን ዝምታ ማንበብ አይችልም። እኛ ግን እንችላለን። ቃል ብቻ አስተላልፈን አንውጣ፤ አንድ ጊዜ ዞር ብለን "እማዬ፣ ሌላስ ምን ተለወጠ?" እንበላት። "ምንም" ካለች በኋላ የምትጨምረውን ደግሞ ሳንቆርጥ ለሐኪሙ እንንገርላት።