አስቀድሞ የነደደ እሳት

በየካቲት ወር በሮቤ ከተማ ሌሊቱን ውርጭ የጓሮውን ጎመን አንጥቶት ያድርና፣ በቀትር ጊዜ ደግሞ ፀሐይዋ አናትን ትበሳለች፤ ስለዚህም በባሌ ደጋ የሚኖር ሰው በአንዲት ዕለት ውስጥ ክረምትንና በጋን አፈራርቆ ያያል ማለት ይቻላል። እኔም በዐቢይ ጾም ቅዳሴው አብቅቶ በ9 ሰዓት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ልቤ የሚሻው ከማለዳ ጀምሮ ጥላ ሥር ተከድኖ የቆየውን የሱፍ ፍትፍት እንጂ ትኩስ ወጥ አይደለምና፣ ስለ ቀዝቃዛ ማዕድ ብዙ ጊዜ ሳወጣ ሳወርድ የቆየሁትን አሳብ ዛሬ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የሱፍ ፍትፍት ለበላተኛ ቀላል፣ ለሠሪው ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ምግብ ነው። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ ጥቂት ይፈላል፤ ተወቅጦም በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠለልም ገለባው ከላይ ይቀርና ወተት የመሰለው ጭማቂ በጣቶች መካከል እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ጨው ከገባበት በኋላ እንጀራው ይፈተፈትበታል። ጥሉላት በሚከለከልበት ወራት ምድር ራሷ ታልባ የሰጠችን ወተት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከእርሱም ጋር ተልባው አለ፤ ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ምስር፣ በሰናፍጭና በሎሚ የሚሠራው አዚፋም አለ።

ስለ ቀዝቃዛ ማዕድ ሳስብ ልቤ ወደ ጃፓንም ይሄዳል። አባቶቻችን ወደ ጃፓን የተመለከቱት የመንግሥትን ጥበብ ፍለጋ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥታችን ከሜይጂው ሕገ መንግሥት ብዙ የቀሰመ መሆኑ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ወደዚያ ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ መጻፋቸው የታወቀ ነው። እኔ ግን ትንሹ ሰው ወደዚያች አገር የማየው በማድ ቤት መስኮት ነው፤ በዚያም መስኮት ያየሁት እንግዳ ነገር ሳይሆን ዘመድ ሆኖ አገኘሁት።

የጃፓን በጋ ከዝናም በኋላ የሚመጣ፣ እርጥበቱ ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ ሰውነትን የሚያዝል ነውና፣ ሰዎቹ በዚያ ወራት ምግባቸውን በውኃ ያበርዱታል። ከስንዴ ዱቄት የሚሠራው፣ ውፍረቱ ከ1.3 ሚሊሜትር የሚያንሰው ሶሜን የተባለ ቀጭን ፓስታ ለጥቂት ደቂቃ ይቀቀልና በቀዝቃዛ ውኃ እየታሸ ይታጠባል፤ ከዚያም በቀዘቀዘ መረቅ እየተጠቀሰ ይበላል። ሂያሺ ቹካ የተባለው ቀዝቃዛ ፓስታቸው ደግሞ ኪያርና ዕንቁላል ተደርጎበት በሰናፍጭ ይቀርባል። መጠጣቸው ሙጊቻ፣ ይኸውም የተቆላ ገብስ የተዘፈዘፈበት ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ የገብስ ቆሎ ዱቄትም ከውኃና ከስኳር ጋር ለውሰው ይበላሉ። ይህን በተረዳሁ ጊዜ፣ በሶን የሚያውቅ ሰው እንደምን ዝም ይላል ብዬ ተደነቅሁ።

በባሌ ገብስ እንግዳ አይደለም፤ ገና እና ቦና በሚባሉት የአዝመራ ወቅቶች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራበት ምድር ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ምጣድ ጥጄ ገብሱን ከቆሎ አሳልፌ፣ ቡና እስኪመስል ድረስ ቆላሁት፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ጠላ ለመጥመቅ አሻሮ የሚቆላ ይመስል ነበር። በውኃ አፍልቼ አጠለልሁት፤ ማቀዝቀዣም ሳያስፈልገኝ እንስራውን በረንዳ ላይ አሳደርሁት፤ ከሰነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ የቀረውን ሥራ ሠራልኝ። በማግሥቱም ቀጭን ፓስታ ቀቅዬ፣ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሜ አጥቤ፣ በዝንጅብል፣ በሎሚና በሰናፍጭ አቀረብሁት። የጃፓን ምግብ ሠራሁ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ከጃፓን የተማርሁትን በባሌ ስንዴና በባሌ ውኃ ሠራሁ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በከፊል ገጥመው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ይህም የሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነበርና፣ የገብሱን ውኃ በጣሳ ሞልቼ እናታችን እያልሁ ለምጠራቸው ሙስሊም ጎረቤቴ አደረስሁ፤ እርሳቸውም መግሪብ ደርሶ በተምር ከፈቱ በኋላ ቀመሱና ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ይህማ እርሾ ያልነካው ቀሪቦ ነው» አሉኝ። ስለ ጃፓን ልነግራቸው ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ በዚያች ቃል ተጠቀለለ።

ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛ ምግብ ማለት እሳት ያላየ ምግብ ማለት እንዳልሆነ አስተውያለሁ። በሶውም፣ ሙጊቻውም፣ በፍስክ ወራት ከገብስና ከቅቤ ታሽቶ ለወራት የሚቀመጠው የአገሬ ጭኮም፣ ሁሉም በምጣድ ያለፉ ናቸው፤ እሳታቸውን አስቀድመው ጨርሰው፣ ሰው በደከመ ጊዜ ያለ ጢስና ያለ ግርግር ይቀርባሉ። ትኩስ ምግብ ባለቤቱን ያስቸኩላል፤ ሳይቀዘቅዝ ድረሱልኝ ይላልና። ቀዝቃዛው ግን የሚመጣውን ሰው ይጠብቃል፤ ሠሪይቱንም በቀትር ሙቀት ከምድጃ ሥር አውጥቶ ከቅዳሴ ወይም ከጸሎት ያደርሳታል። ስለዚህ ይህን ማዕድ የሚያዘጋጅ ሰው ነገ የሚደክመውን ሰው ዛሬ ያሰበ ነውና፣ ምግባሩ ከፍቅር ሥራ የሚቆጠር ይመስለኛል።

በዚያች ዕለት ከአንዱ እንስራ እኔ በ9 ሰዓት ቀዳሁ፤ እናታችን ፀሐይ ስትጠልቅ ጠጡ። በመካከላችን የነበሩት ሰዓታት መጠጡን አላበላሹትም፤ ለሁለታችንም ታግሦ ቆይቶ ነበርና።