ታሪፉን አውርዱልን

“መምህር፣ መንገዱ በሂደት ላይ ነው” አለኝ የቀድሞ ተማሪዬ። ሰው በመንገድ ሲሄድ እንጂ መንገድ ራሱ ሲሄድ አይቼ ስለማላውቅ ዝም ብዬ አየሁት።

የተቀመጥነው በአንድ ክልል የመንገድና ትራንስፖርት ቢሮ ውስጥ ነው። የትኛው ክልል እንደሆነ አልናገርም። ብናገር ሌሎቹን ነጻ ያወጣሁ ይመስልብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ አክስቴ አገር የሚወስድ 11 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አለ። ነበረ ብል ይሻላል። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የገጠር ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት “ዩራፕ” የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር፣ የእኛም ቀበሌ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተራው ደረሰው። ሪባኑ በተቆረጠ ቀን አክስቴ ጠላ ጠምቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ መጣ፤ አምቡላንስም መጣች። ሰው ታሞ በቃሬዛ መውረዱ ቀረና ቃሬዛው የዶሮ መስፈሪያ ሆነ።

መንገዱን የገደለው የኖኅ ጎርፍ አይደለም። ቦዩን ደለል ሞላው። ቱቦው በቅጠልና በድንጋይ ተደፈነ። ውሃውም መሄጃ ሲያጣ እንደኛው መንገዱን ይዞ መውረድ ጀመረ። በሦስት ክረምት ጠጠሩ ታጥቦ አለቀ፤ በአራተኛው ቱቦው ራሱ ተገነጠለ። ሁለት ሰው አካፋና ዶማ ይዞ በየግንቦቱ ጥቂት ቀን ቢሠራ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። እውነቱን ለመናገር የእኛም ሰው እጁ አለበት። “የመንግሥት መንገድ ነው” ብሎ ተቀምጦ አየ። እርሻውን እስከ ቦዩ አፍ ድረስ የገፋ፣ የማሳውን ውሃ ወደ መንገዱ የለቀቀም አለ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ሚስት ምጥ ያዛት። አምቡላንሷ ከተቆረጠው ቱቦ ማዶ ቆመች። ዶሮዎቹ ተባረሩና ቃሬዛው ወረደ። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ በጭቃ ተሸክሟት ሲደርስ ሊነጋጋ ነበር። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ወደ ቢሮው የሄድኩት ለዚህ ነው። ተማሪዬ ክፉ ልጅ አይደለም። ሻይ አስመጣልኝ፤ መዝገቡንም ሳይደብቅ አሳየኝ። የእኛ መንገድ “ከተሠሩ” በሚለው ዓምድ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ 11 ኪሎ ሜትር፣ ሙሉ።

“የሚጠግነው ማን ነው?” አልኩት።

“ወረዳው ነው፣ መምህር።”

“ወረዳው ግሬደር አለው?”

“የለውም። ማሽኑ ያለው እኛ ጋ ነው።”

“ታዲያ ለምን አትልኩለትም?”

“ወረዳው በዞን በኩል ሲጠይቅ ነዋ።”

“አልጠየቀም?”

“ጠይቋል። በዚህ ዓመት ዕቅድ ውስጥ አልተያዘም እንጂ።”

በማግስቱ ወደ መናኸሪያው ጎራ አልኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የታሪፍ ሰሌዳ ሳነብ የአክስቴ ቀበሌ ስም አለ። ርቀቱ ተጽፏል፤ ሒሳቡም ከነሳንቲሙ ተሰልቷል። መኪና የማይደርስበት ቦታ የመሄጃ ዋጋ ወጥቶለታል! ታሪፉን የሚያወጣው መሥሪያ ቤትና መንገዱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በመካከላቸው አንድ ኮሪደር ብቻ ነው ያለው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ጭቃ የለበትም።

ጥገና የሚባል ነገር ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም “አውራ ጎዳና” ነበር። ሠራተኞቹ የሰፈሩባቸው ካምፖች ስም በየከተማው የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። በልጅነቴ የአውራ ጎዳና ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ከመንገዱ ዳር ሲጎነበሱ እናያቸው ነበር። “ይቺ ቦይ የማን ናት?” ቢባል የሚያርሳት ገበሬ እንኳ ስሙን ይጠራላችኋል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋምም ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከነዳጅ ሽያጭና ከመሳሰለው የሚሰበሰበው ገንዘብ የተሠራውን መንገድ እንዲጠግን ለፌዴራሉም፣ ለክልሎችም፣ ለከተሞችም ይከፋፈላል። የተሠራ ሁሉ ጠባቂ እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩና የቢሮው ሪፖርት ቋንቋው ያዘኝ። “ተሠራ፣ ተመረቀ፣ ይጠገናል፣ ታቅዷል።” አድራጊ የለም። ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ ይሆናል። ቦይም በራሱ ይደፈናል፤ ልጅም በራሱ ይሞታል። ይህን አጻጻፍ ከየት ተማረው ብዬ ልቆጣ ስል ያስተማርኩት እኔ እንደሆንኩ ትዝ አለኝ። ያኔ ኤ ሰጥቼዋለሁ።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅና ጎረቤቶቹ ቦዩን ራሳቸው ሊጠርጉ ተማምለዋል። እኔም የአካፋ መግዣ አዋጥቻለሁ። የተገነጠለው ቱቦ ግን በአካፋ አይገባም፤ ጠጠሩንም በቁና አንመልሰውም። ያ የመንግሥት ፋንታ ነው።

ስለዚህ ቢሮውን የምለምነው አዲስ መንገድ አይደለም። በዚያ መዝገብ ውስጥ ከእያንዳንዱ መንገድ ስም ጎን አንድ የሰው ስም ይጻፍልን። ኮሚቴ አይሁን፣ የሥራ ሂደትም አይሁን፤ ሲዘንብ ስልኩ የሚጮኽበት፣ ግንቦት ሲገባ የሚጨነቅ አንድ ሰው ይሁን። እሱ እስኪገኝ ድረስ ግን ቢያንስ ታሪፉን ከሰሌዳው አውርዱልን።