ጂፒኤስ ሰማይ ይፈልጋል

የጂፒኤስ ሳተላይት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል። ከዚያ ሆኖ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ ጉልበቱ ከአንድ የቤት አምፖል እምብዛም አይበልጥም። መሬት እስኪደርስ ደግሞ እጅግ ሳስቶ፣ መቀበያው ራሱ ከሚያሰማው የኤሌክትሮኒክስ ሹክሹክታ በታች ይሆናል። መሣሪያው ሲግናሉን ለይቶ የሚያወጣው የእያንዳንዱን ሳተላይት ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው፤ በገበያ ጫጫታ መሀል ስሙ ሲጠራ የሚሰማ ሰው እንደማለት። «ሲግናል አልይዝ አለ» ተብሎ የሚታማው የእጅ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የጎደለው ወይ ሰማይ ነው፣ ወይ ጊዜ።

ከሁሉ በፊት የሚወቀሰው ደመና ነው፣ ያለ ጥፋቱ። ደመናም ሆነ ዝናብ ይህን ሞገድ እምብዛም አያግደውም። ዝናቡ ያራሰው ቅጠል ግን ያግደዋል፤ ውሃ ያዘለ ነገር ሞገዱን ይመጠዋልና። ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመ ቀያሽ ጥቂት እርምጃ ወደ ገላጣው ሲወጣ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት የሲግናል ዘንጎች ሲረዝሙ ያያል። የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጂፒኤሱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ የያዘ ሰው ከኋላው ያለውን ሰማይ በራሱ ገላ ይጋርዳል። እጅን ዘርጋ አድርጎ መያዝ፣ በጉዞ ላይ ደግሞ የቦርሳው ትከሻ ማንገቻ ላይ ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ደረቅ የሣር ክዳን ሲግናል ሊያሳልፍ ይችላል፤ ከቆርቆሮ ሥር ግን ብዙም ተስፋ የለም።

ገደልና ሕንፃ የሚያመጡት ጣጣ ከዚህ ይከፋል፤ ሲግናሉን ከመጋረድ አልፈው ያሳስታሉ። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣ ሞገድ በቀጥታ ከሚመጣው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። ጂፒኤስ ርቀት የሚለካው ሞገዱ መንገድ ላይ በፈጀው ጊዜ ስለሆነ፣ የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ መዘግየት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዛንፋል። ዓባይ በረሃ ወርዶ ከገደሉ ሥር ነጥብ የሚመዘግብ ሰው ዘንጎቹ ደህና ሆነው እያየ እንኳ ሊሳሳት ይችላል። መድኃኒቱ ከግድግዳው መራቅ ብቻ ነው።

አያያዝ እንደ አንቴናው ነው። እንደ ጋርሚን ኩባንያ የመጀመሪያው ቢጫ ኢትሬክስ ያሉት ጠፍጣፋ አንቴና ስላላቸው ፊታቸው ወደ ሰማይ ሆኖ፣ እንደ ሳህን በአግድም ሲያዙ ይመቻቸዋል። አናታቸው ላይ ጉጥ ያወጡት፣ እንደ ጋርሚን ጂፒኤስማፕ 60 እና 64 ያሉት ደግሞ አንቴናቸው ጥምዝ ነውና ቀጥ ብለው ሲቆሙ ይሻላቸዋል። ጉጡን ጨብጦ መያዝ ጆሮ መድፈን ነው።

ሰው የሚቸገረው ግን በጊዜው ላይ ነው። ለወራት መሳቢያ ውስጥ የከረመ፣ ወይም ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣ ጂፒኤስ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ አሁንም እዚያው የተወው ሰማይ ሥር ያለ ይመስለዋል። ሁሉም ሳተላይቶች የት አካባቢ እንዳሉ የሚናገረው አልማናክ ተሟልቶ እስኪደርስ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ መረጃው የሚወርደው በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ሳተላይት ምሕዋር በዝርዝር የሚያስረዳው ኤፌመሪስ በ30 ሴኮንድ ይደጋገማል፣ ለአራት ሰዓት ያህልም ያገለግላል። ስልክ ይህን ሁሉ ከኔትወርክ ስለሚያገኝ ቶሎ ይነቃል፤ የእጅ ጂፒኤስ ግን ከሰማይ ለቅሞ ነው። በጋርሚን ስክሪን ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ዘንግ «ሰምቼዋለሁ፣ ገና እየጻፍኩ ነው» እንደማለት ነው፤ ጽፎ ሲጨርስ ይሞላል። በዚህ መሀል ሰውየው ዛፍ ሥር ከገባ መልእክቱ ይቋረጥና ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ሜዳ ላይ አስቀምጦ አቦሉ እስኪጠጣ መተው ያዋጣል።

ቅንብሩን ማየትም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የወጡት ኢትሬክሶች የሩሲያውን ግሎናስም ይቀበላሉ፤ ሰማዩ በከፊል በተሸፈነበት ቦታ ተጨማሪ ሳተላይት ማየት ትልቅ እርዳታ ነው። ዋስና ኤግኖስ የሚባሉት የማረሚያ አገልግሎቶች ግን የተሰሉት ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እነሱን ማብራት የሚጨምረው ነገር የለም። መኪና ውስጥ ደግሞ ርካሽ ቻርጀር ራሱ ጫጫታ ሊረጭ ስለሚችል ነቅሎ መሞከር ነው። የአንቴና መሰኪያ ላላቸው ሞዴሎች ጣሪያ ላይ በማግኔት የሚቀመጥ አንቴና ከሁሉም ይበልጣል።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ የሚታየው ማሳ ሲለካ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011/12 ባካሄደው የገጠር ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች ጂፒኤስ ይዘው የማሳ ዳር ዳሩን ዞረዋል፤ የተወሰኑ ማሳዎች በገመድና በኮምፓስም ተለክተዋል። ሰፊ እርሻ ላይ የጥቂት ሜትር መዛነፍ አይታወቅም። 20 በ20 ሜትር የሆነች የጓሮ ማሳ ላይ ግን አንዱ ጎን በ2 ሜትር ከረዘመ 400 ካሬ ሜትሩ 440 ይሆናል። ስለዚህ ዙሩ በዝግታ፣ ማዕዘን ላይ ቆም እያሉ ይሄዳል። ለአንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ጋርሚን ራሱ የሚመክረው ቢያንስ በ90 ደቂቃ ልዩነት ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው፤ በዚያ መሀል ሳተላይቶቹ ቦታቸውን ቀይረው ስህተቱም አብሮ ይቀየራል።

ልኬታውን በቀን መጨረስ ሌላም ምክንያት አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ይታመሳል፣ ሲግናሉም እንደ ኩራዝ ብልጭ ድርግም ይላል። ፀሐይ እንቅስቃሴዋ በበረታባቸው ዓመታት ይብሳል።

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ዘንጎች ሞልተው፣ ሰማዩም ገላጣ ሆኖ ነጥቡ ካርታው ላይ 200 ሜትር ገደማ ርቆ ይወድቃል። ይህ የሲግናል ጉዳይ አይደለም። የቆዩት የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) ሲሆን፣ ጂፒኤሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚናገረው ደብሊውጂኤስ 84 ነው። አንቴናም ሆነ አዲስ ድንጋይ ይህን አያስተካክለውም፤ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የካርታውን ዳተም መምረጥ ነው።