የሜይደን ካስል አፈር

በደቡብ እንግሊዝ፣ ከዶርቼስተር ከተማ አጠገብ ያለው ሜይደን ካስል ስሙ ግንብ ያሰኛል እንጂ ጉልበቱ አፈር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ ሰዎች ኖራማውን መሬት እየቆፈሩ፣ የቆፈሩትን ከላይ እየቆለሉ፣ 19 ሄክታር የሚሆነውን ኮረብታ በቅጥር ከበቡት። ዛሬም ከቦዩ ውስጥ ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው ሣር ከለበሰ አፈር በቀር የሚያየው የለም።

*

በምሥራቁ በር ከ20,000 በላይ የወንጭፍ ጠጠር ተቆልሎ ተገኝቷል። የኮረብታው ድንጋይ አይደለም፤ ማዕበል ያለሰለሰው፣ ከቼሲል የባሕር ዳርቻ ተሸክመው ያመጡት ነው። ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ድካማቸው ይገባዋል፤ ድቡልቡል ጠጠር ከወንጭፍ ሲወጣ መንገዱን አይስትም።

*

የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ሞርቲመር ዊለርና ባለቤቱ ቴሳ የቦታውን ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1934 ጀመሩ። ሥራው በ1937 ሲያልቅ ቴሳ አልነበረችም፤ በ1936 አርፋለች። መሬቱን በአራት ማዕዘን ከፋፍለው፣ በመካከል ያልተነካ ድንበር እየተዉ መቆፈራቸው የአፈሩን ድርብርብ ከጎን ለማየት አስችሏል።

በምሥራቁ በር አጠገብ ከ50 በላይ ሰዎች ተቀብረው ተገኙ፤ በአንዱ አከርካሪ ውስጥ የብረት ጫፍ ተሰክቷል። ዊለር ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ43 የዘመተው የሮማ ጦር የፈጃቸው ናቸው ብሎ ጻፈ። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ስለዚህም ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ተነገረ። በ1985 እና በ1986 አርኪዮሎጂስቱ ናያል ሻርፕልስ በድጋሚ ቆፈረ፤ በታሪኩም ላይ ጥያቄ ተነሣ። በ2025 የታተመው የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ የዐፅሞቹን ዕድሜ በካርቦን ለክቶ፣ ሰዎቹ በአንድ ቀን እንዳላለቁ፣ የሞቱትም በአሥርተ ዓመታት ውስጥ፣ ሮማውያን ሳይመጡ እንደሆነ አሳየ።

ዊለር ቸኩሏል። ዐፅሞቹ ተጠብቀው መቆየታቸው ግን ፍርዱን ለማረም አስቻለ። እኔ ከታሪኩ ይልቅ ለዚህ ጥንቃቄ ክብር እሰጣለሁ።

*

የተነሣ አፈር ቢመለስም ድርብርቡ አይመለስም። በ1980ዎቹ የመጡት ባለሙያዎች አብዛኛውን የኮረብታውን ውስጥ ሣሩን ሳይነኩ በመሣሪያ መርምረው መተዋቸው ትክክል ነበር። የነገ ሰው ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ይኖረዋል።

*

አሁን በጎች ይግጡበታል። ሣሩ አጥሮ ጥቅጥቅ ሲል አፈሩን ይይዛል። የሚጎዳው እግራችን ነው፤ አንዱ የረገጠውን ሌላው ይከተላል፣ ዝናቡ ዱካውን ይሸረሽረዋል፣ ነጩ ኖራ ያገጥጣል። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቅጥሩን ተንጠላጥላችሁ አትውጡ፤ በበሩ ግቡ።