አንዲት አጭር ቃል፣ ብዙ ትርጉም

ፊደል የቆጠረ ሰው ቃሉን ያነባል። ማንበብ ግን በዚህ አያበቃም። ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚል መለየት ያስፈልጋል። ይህንን በአንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል እናሳያለን። ቃሏ «ኦፍ» ናት።

«ኦፍ»ን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። በመብራት ማጥፊያ፣ በሬዲዮ፣ በወፍጮ ሞተር ላይ ተጽፋ እናያታለን። «ኦን» በራ፣ «ኦፍ» ጠፋ ነው። ትርጉሟ ይኸው ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረ!

የማታ ተማሪያችን የሆኑ አንድ የፋብሪካ ዘበኛ ጥያቄ ይዘው መጡ። በሥራ ቦታቸው ስለ እሳት አደጋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ኦፍ» የምትለዋን ቃል ያየ ልጃቸው፣ «ደወሉ ሲጠፋ ቶሎ ውጡ ይላል» ብሎ ተረጎመላቸው።

«ልጆቼ፣» አሉን፣ «ደወሉ ከተሰቀለ ጀምሮ ጮሆ አያውቅም። ጠፍቶ ነው ያለው። እንግዲህ ስንወጣ ልንውል ነው? የጮኸ ለትስ አርፈን እንቀመጥ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ማስታወቂያው የሚለው «ደወሉ ሲጮህ ውጡ» ነው። እንግሊዞች ደወል ጮኸ፣ ጠመንጃ ተተኮሰ፣ ቦምብ ፈነዳ ለማለት «ሄደ» በሚለው ቃል ላይ «ኦፍ»ን ይጨምራሉ። ይህን ያልለየ ሰው እሳት በተነሣ ቀን ነፍሱን ሊያጣ ይችላል።

ቃሏ ሌላም ሥራ አላት። አውሮፕላን ሲነሣ «ኦፍ» አለ። ልብስ ሲወልቅ «ኦፍ» አለ። የዕረፍት ቀን፣ የዋጋ ቅናሽ፣ የተበላሸ ወተት፣ ሁሉም በ«ኦፍ» ይነገራል። ሥሩ አንድ ነው፤ ከነበሩበት መራቅ፣ መለየት። ልብሱ ከገላ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት፣ ሠራተኛው ከሥራው ይለያል።

ጥንት «ኦፍ»ና «የ» የሚለውን የምትተካው ሌላዋ አጭር ቃል አንድ ነበሩ። ጠበቅ ተደርጋ ስትነገር አንድ፣ ላላ ስትል ሌላ ሆነች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1600 ወዲህ በጽሑፍም ፈጽመው ተለዩ። የለየቻቸው አንዲት የተደገመች ፊደል ናት።

ይህ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው እንዳትሉ። «ጠፋ»ን ተመልከቱ። መብራት ጠፋ፣ በሬ ጠፋ፣ እስረኛ ጠፋ፣ አገር ጠፋ እንላለን። ወዳጃችንን «ምነው ጠፋህ?» ስንለው እንደ ኩራዝ ጠፋህ ማለታችን አይደለም። «ገና»ም ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የሚያሳዩን ጎረቤቶቹ ቃላት ናቸው።

ስለዚህ ቃልን ብቻውን አትያዙት። ከፊቱ ምን አለ? ከኋላውስ? ዐረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ አንብቡ፣ ከዚያ ፍረዱ። ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ሳይገባችሁ አትለፉት፤ ጠይቁ።