ምስክሩን ማን ያስመስክረው?

«ትርጉም» የሚለውን ቃል እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የራሳችን ርስት አድርገን እንናገረዋለን። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ለሌላ ሥራ ያውሉታል። በሕዋስ ውስጥ የዘር መልእክት ወደ ፕሮቲን ሲመለስ «ትራንስሌሽን» ይሉታል፤ ያው ትርጉም ማለት ነው። ይህን ትርጉም የሚያስጀምሩና ሲያስፈልግም የሚገቱ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ኢአይኤፍ2 ይባላል።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ነንና የዚህ ፕሮቲን ጠባይ ሲነገረን እንግዳ አልሆነብንም። ሕዋስ ሲራብ፣ ይኸውም አሚኖ አሲድ ሲጎድለው፣ ጂሲኤን2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ጉድለቱን ያውቅና ኢአይኤፍ2 ላይ፣ አልፋ በሚባለው ክፍሉ 51ኛ ቦታ፣ አንዲት የፎስፌት ምልክት ያኖርበታል። ያን ጊዜ አብዛኛው ትርጉም ይቀንሳል፤ ለችግር ቀን የሚያስፈልጉ ጥቂት መልእክቶች ግን ከቀድሞው ይልቅ ይተረጐማሉ። ያገራችን ገበሬም ዝናብ ሲከዳው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድግሱን ይተዋል፤ ተዝካሩን ያስተላልፋል፤ ከማዕዱ ይቀንሳል፤ የዘሩን እህል ግን እስከ መጨረሻው አይነካም። የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ከወላጆቻችን አፍ የሰማን፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም የሴፍቲኔት ተረጂ ሲመረጥ ጎረቤት ስለ ጎረቤት ሲመሰክር ያየን ነንና፣ ረኃቡን የሚመሰክርለት ያጣ ቤት ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን።

የሕዋስ ረኃብም ምስክር ይሻል፤ ያች ምልክት በዓይን አትታይምና። ምስክሩ አንቲቦዲ ነው። ጥንቸል ወይም አይጥ በተፈለገው ፕሮቲን ቁራጭ ስትከተብ፣ ያንኑ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በደሟ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ሕዋስ አዘጋጁ፤ በ1984ም ከኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ዛሬ ምልክት የሌለበትን ኢአይኤፍ2 አልፎ ምልክት ያለበትን ብቻ እንዲይዝ የተሠራ አንቲቦዲ በብልቃጥ ይሸጣል።

ለመሆኑ ይህን ምስክር ማን አስመሰከረው? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን መረመረ። እያንዳንዱን ፕሮቲኑ ባለበት ሕዋስና ፕሮቲኑ እንዲጠፋ በተደረገበት ሕዋስ ላይ ሞከረው። በሌለበት «አለ» ያለ ሐሰተኛ ነው። ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ በአንድ ዓይነት ሥራ ወደቁ፤ ከወደቁትም መካከል በታተሙ ጽሑፎች ሲመሰክሩ የኖሩ ተገኙ። ለእኛ ምልክትም ፈተናው አለ። 51ኛው ቦታ ስለ ተለወጠ ምልክቷ ልታርፍበት የማትችል ሕዋስ ተዘጋጅቷል፤ እውነተኛ ምስክር በዚያ ፊት ዝም ይላል።

ይህ ሥርዓት ላገራችን ሊቃውንት አዲስ አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደዚያው ወደ ጋይንት፣ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ድምፁ ማማሩ ብቻ አይበቃውም፤ ዜማው ምልክት በምልክት ይመረመራል እንጂ።

«ይህ የሀብታም አገር ጣጣ ነው፤ እኛ መጀመሪያ ብልቃጡን እናግኝ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስለናል። ብልቃጡ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ነው የሚመጣው። ሀብታም ቢታለል ሌላ ይገዛል፤ እኛ ዘንድ ግን ሐሰተኛ ምስክር የአንድ ተመራማሪ ተማሪ ዓመት ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ በደብረ ታቦርም ይሁን በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ፣ ብልቃጡን የሚከፍት ሁሉ አስቀድሞ በጠገበና በተራበ ሕዋስ ላይ ይፈትነው። እኛም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች «በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚል ቃል ባየን ቁጥር «ማን አስመሰከረው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ ነጭ ካፖርት መልበስ አያስፈልግም።

ረኃብን ያህል ነገር በሐሰተኛ ምስክር ሊፈረድበት አይገባም፤ በሰው ቤትም ቢሆን፣ በሕዋስም ቢሆን።